ጉም የጠጣ ጨው

በኤል ሳውሴ መንደር፣ ባሕር የበላው ሰው ሬሳው ካልተገኘ ልብሱ ይቀበራል። ሸሚዙ፣ ሱሪው፣ ሹራቡና ባርኔጣው በሰው ቅርጽ ሳጥን ውስጥ ይጋደማሉ። ከዚያ ሚስት ካለችው ሚስቱ፣ ከሌለችው እናቱ ባሕሩ ዳር ቆማ ስሙን ሦስት ጊዜ ትጠራለች። መልስ ካልመጣ ሳጥኑ በምስማር ይመታል፣ ሰውየውም ሞተ ይባላል። እስከዚያ ድረስ ግን ስሙን የሚያነሳ የለም። ውሃ የወሰደው ሰው ስሙን ከሰማ "አቤት" ይላል እኮ! አቤት ካለ ደግሞ ማን ሊያናግረው ነው?

በዚህ የተነሳ የክሎሪንዳ ባል ኤሊሴዮ ዘጠኝ ወር ሙሉ "ያ ሰው" ሲባል ከረመ። የመንደሩ ባለሱቅም እንዳጋጣሚ ስሙ ኤሊሴዮ ነበርና እሱም ዘጠኝ ወር ሙሉ ስም አጥቶ "አንተ ባለሱቅ" ሆኖ ቀረ። ክሎሪንዳን በዚህ እንደተቀየማት ያላወቀ አልነበረም። ስኳር ሊገዙ ለሚመጡት ሁሉ "እኔን ደግሞ መቼ ነው የምትቀብሩኝ?" ይላቸው ነበር።

ነገሩ የባለሱቁ ስም ብቻ ቢሆን ማን ይጨነቅ ነበር? ጭንቁ የባሏ ጀልባ ናት። "ግትሯ" ትባላለች። ባለፈው መስከረም በጠራራ ፀሐይ፣ መረቧ እንደተጣጠፈ፣ መቅዘፊያዎቿ ወደ ውስጥ እንደገቡ፣ ሰው ሳይኖርባት ራሷ ወደ ዳር የመጣችው እሷ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሸዋው ላይ ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ ተገልብጣለች። ባለቤቱ ያልተቀበረ ጀልባ ላይ የሚሳፈር ሰው በኤል ሳውሴ አይገኝም። የኤሊሴዮ ታናሽ ወንድም ኖልቤርቶ የጀልባዋ እኩሌታ የራሱ ሆኖ ሳለ በሰው ጀልባ ተቀጥሮ ይቀዝፋል። የዓሣ አጥማጆቹ ጠባቂ የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በዚያን ቀን ቄሱ ያልባረካት ጀልባ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አትነካም፤ ግትሯ ሌላ ዓመት ደርቃ ከከረመች ደግሞ የማገዶ እንጨት ናት።

"ሦስት ቃል ነው ልጄ" አሏት አማቷ ዶኛ (ወይዘሮ) ሱኒልዳ፣ የዓሣ ሾርባቸውን እፍ እያሉ። "ሦስት ቃል የሚያቅተው አፍ አይደለም ያለሽ። እኔ አውቀዋለሁ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ሰምቼዋለሁ።"

"ባይመልስስ?"

"አይመልስማ።"

"እኮ!" አለች ክሎሪንዳ።

ቁርጡን መስማት አልፈለገችም። እሷ እስካልጠራች ድረስ እሱም እስካሁን መልስ አልነፈጋትም። ልብሱ የተጋደመበት ሳጥን ከአልጋዋ ሥር ክዳኑ ሳይመታ ተቀምጧል፤ እሷም በየማለዳው ጎንበስ ብላ ታየዋለች።

የዕለት ጉርሷን የምታገኘው ከመንደሩ ወጣ ብሎ ዓለቱ ላይ ከተሠራችው የዩኒቨርሲቲ መመራመሪያ ነጭ ቤት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ለዚያ ቤት ሂቢያ ያመጣሉ። ሂቢያ ሰው የሚያክል፣ አጥንት የሌለው፣ አሥር ክንድ ያለው የባሕር አውሬ ነው። ዶክተሮቹ ያን ሁሉ ሥጋ ይተዉና ከጀርባው ውስጥ አንዲት ነጭ ክር ብቻ ያወጣሉ። ክሯ ነርቭ ናት። የሰው አንዲት የነርቭ ክር በዓይን አትታይም፤ የሂቢያ ግን የመረብ ክር ታክላለች፣ በጣት ትያዛለች። ኖልቤርቶ መጀመሪያ ይህን ሲያይ "በጉን ጥለው ገመዱን የሚያርዱ ሰዎች!" ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀ።

ክሎሪንዳ ልትጠርግና ዕቃ ልታጥብ የተቀጠረች ናት። ነገር ግን መረብ ሲጠግን ያደገ ጣት አላትና፣ ነርቩን ሳትቧጭር ከሥጋው መለየት ከሷ የተሻለ የሚችል ጠፋ። ዶክተር ሳልዲያስ ከዋና ከተማው ከሳንቲያጎ የመጣ፣ ካልሲዎቹ መቼም የማይመሳሰሉ፣ ባሕር ዳር ተቀምጦ ዋና የማያውቅ ቀጭን ሰው ነው። ነርቭ መለየቱን ለሷ ትቶ ነበር። በኋላ ደግሞ ውሃ መበጥበጡንም ተወላት። ባሕሩ ከደጃቸው እየተገማሸረ እነሱ የባሕር ውሃ በሚዛን ይሠራሉ። ከዚህ ጠርሙስ ይህን ያህል ጨው፣ ከዚያ ጠርሙስ ያን ያህል፤ ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። "የእግዜር ውሃ ምን ሆነ?" ብትለው፣ "እግዜር ሲበጠብጥ ልኩን አልጻፈልንም" አላት።

አንድ ቀን ዶክተሩ ነርቩን መስታወት ላይ አጋድሞ፣ ሴት ጥጥ እንደምትዳምጥ በትንሽ የጎማ ዘንግ ዳመጠው። ውስጡ ያለው ዝልግልግ ነገር ሁሉ በጫፉ ወጥቶ አለቀ። የቀረው ባዶ ቆዳ ነው። ያን ባዶ ቆዳ ጨዋማ ውሃ ሞላው፣ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አጋደመው፣ በቀጭን ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነካ አደረገው። ነርቩን በሌላ ሽቦ የሚያዳምጠው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ "ጧ!" አለ።

ክሎሪንዳ መጥረጊያዋን ይዛ ቀረች። "ሆዱ ወጥቶ እንዴት ነው የሚናገር?"

"ነገሩ ያለው ቆዳው ላይ ነው ዶኛ ክሎሪንዳ። ውስጡ አንድ ዓይነት ጨው አለ፣ ውጭው ሌላ ዓይነት። ቆዳው ከሽንኩርት ልጣጭ እጅግ የሳሳ ነው፤ ግን በር አለው፣ እልፍ በሮች። በሩ ሲከፈት የውጭው ጨው ዘው ብሎ ይገባል፣ ወዲያው የውስጡ ይወጣል። ጧ የሚለው ያ ነው። አንዱ በር ሲከፈት ጎረቤቱ ደንግጦ ይከፍታል፣ የዚያም ጎረቤት እንዲሁ፤ እንዲህ እያለ እስከ ጫፍ ይሄዳል።"

"እንደ መንደራችን ወሬ።"

"ልክ እንደ መንደራችሁ ወሬ።"

"ሆዱ ውስጥ የነበረውስ?"

"ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ቆዳና ሁለት ጨው ይበቃል።"

ይህን እንደ ቀላል ነገር ተናገረው። ክሎሪንዳ ግን ቤቷ ገብታ ሳጥኑን ስታይ፣ ሹራቡ ሰው ሳይኖርበት ክንዱን ዘርግቶ ሲጠብቃት፣ "ቆዳና ሁለት ጨው" የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አላት።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። የሰኔ ጉም ከባሕር ተነስቶ መንደሩን ከዋጠው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እኩለ ቀን ሆኖ ከደጅ ያለው ዓለት አይታይም። ዶክተሩ ለማሽኑ ዕቃ ሊገዛ ወደ ከተማ ወርዷል። ክሎሪንዳ ጠዋት የበጠበጠችውን አዲስ ውሃ ባዶው ነርቭ በተኛበት ሳህን ውስጥ ቀየረችና እጇን ልትታጠብ ዞረች።

"ጧ-ጧ-ጧ።"

ቀና አለች። የሚነካው ሽቦ ከማሽኑ ተነቅሎ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። በቤቱ ውስጥ ከሷ በቀር ነፍስ ያለው ነገር የለም።

"ጧ።"

ምቱን ታውቀዋለች። ኤሊሴዮ ከባሕር ሲመለስ ሁለት እጁ በቅርጫት ስለሚያዝ በሩን የሚመታው በጫማው አፍንጫ ነበር። ሦስቴ ይመታል፤ ከዚያ ቅርጫቱን ለማስተካከል ቆም ይላል፤ ከዚያ አንዴ። ዐሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ነው የመታው። እሷም ዐሥራ አምስት ዓመት "በሩን ትሰብረዋለህ አንተ ሰው!" እያለች ከፍታለታለች።

"ጧ-ጧ-ጧ።" ዝም። "ጧ።"

እግሯ ከራሷ ቀድሞ ሄደ። የነጩን ቤት በር ከፈተችው። ደጁ ላይ ማንም የለም። ጉሙ ብቻ እንደ ተጠራ እንግዳ ቀስ ብሎ ገባ፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ክዳናቸው በተከፈቱት ጠርሙሶች ላይ፣ ሳህኑ ላይ ተኛ። በሩን ለመዝጋት ልቧ እምቢ አላት። ዶክተሩ እስኪመለስ ከፍታው ቆየች።

ቤቷ ስትደርስ ሳጥኑን ሳበችው። ሹራቡን ዳሰሰችው። ክረምት ከበጋ ባሕር ላይ የለበሰው፣ በዚያን የመስከረም ፀሐይ ግን አውልቆ ጀልባዋ ውስጥ የተወው፣ የታጠበ ሱፍ ዝናብ ያስገባል እያለ አንዴም ያላሳጠባት ሹራብ ነው። የሁለቱም እጅጌ ጫፍ እርጥብ ነበር። ጣቷን ቀመሰችው። ጨው ነው።

ለሁለት ቀን ለማንም አልተናገረችም። ጉሙ አልተገፈፈም። በየቀኑ ዶክተሩ ከክፍሉ ሲወጣ ጠብቃ በሩን ትከፍታለች፤ ጉሙም ይገባል። በየቀኑ ነርቩ ሳይነኩት ያንኳኳል፤ ሦስት፣ ከዚያ አንድ። ዶክተሩ ማሽኑን ይወቅሳል፣ የመብራቱን መስመር ይወቅሳል፣ አንዴ መጥረጊያዋንም ወቀሰ። ሐሙስ ዕለት እርጥበቱ ከእጅጌው ጫፍ ተነስቶ ክርኑ ጋ ደረሰ። ዓርብ ትከሻው ጋ ነበር። ያን ጊዜ ዶኛ ሱኒልዳን እጃቸውን ይዛ አልጋው ሥር ወሰደቻቸው፣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

አሮጊቷ ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ሹራቡን በአንድ ጣት ነክተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"እየሞላ ነው" አሉ በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ሹራቡ ነዋ። በእጁ ጀመረ፣ አሁን ትከሻው ደርሷል። ደረቱ ሲሞላ ይነሳል።" አማተቡ። "ደሞ አንቺ በር ትከፍቺለታለሽ! ልጄ ሲመጣ ዓሣ ይዞ ነበር የሚመጣ። ይሄኛው ምን ይዞ እንደመጣ አይተሻል?"

"ልጅዎ ነው እኮ እናቴ!"

"የወለድኩት አጥንት ነበረው" አሉ ዶኛ ሱኒልዳ፣ ወንበራቸውንም ከአልጋው አርቀው ከምድጃው ጋ አስጠጉ።

ኖልቤርቶ ሲሰማ እንደ ልማዱ ቀለደ። "ወንድሜ በቁሙ ሳለ 'ሻይ ትጠጣለህ ወይ' ብዬ ብጠይቀው መልሱ በሦስተኛው ቀን ነበር የሚመጣ። አሁን በሂቢያ ጀርባ እንዲህ ምላሱ ተፈታ? ተይ እንጂ አንቺ ሴትዮ!"

"ና እና ስማው።"

"ነገ ሂቢያ ሳመጣ እሰማለሁ። ካወቀኝ የተዋሰኝን ቢላዋ የት እንዳደረገው ጠይቂልኝ።"

በማግስቱ ሂቢያውን በትከሻው ተሸክሞ እየዘፈነ ገባ። ድምፅ ማጉያው ሦስቴ ሲል ዘፈኑን አቋረጠ። አንዴ ሲል ሂቢያው ከትከሻው ወርዶ መሬቱ ላይ ተዘረጋ። ኖልቤርቶ ስለ ቢላዋው አልጠየቀም። ወደ ኋላው እየሄደ፣ ፊቱን ከድምፅ ማጉያው ሳይመልስ፣ በተከፈተው በር ወጣና ጉሙ ውስጥ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ግትሯ ባለችበት በኩል ማለፍ ትቶ ወደ ሥራው በገደሉ መንገድ መዞር ጀመረ።

እንግዲህ ክሎሪንዳ የፈለገችውን አግኝታለች ይባል ይሆናል። አላገኘችም። ቀን በቀን ባሏ ያንኳኳል፣ ቀን በቀን ትከፍታለች፣ የሚገባው ግን ጉም ነው። "ምን ልታዘዝ?" ብትለው ሦስት፣ ከዚያ አንድ። "ብርድ ነው ወይ እዚያ?" ብትለው ሦስት፣ ከዚያ አንድ። ስሙን መጥራት ከንፈሯ ጫፍ ይደርስና ትውጠዋለች። ፊቷ ገረጣ። ስታንቀላፋም እጇ በር መክፈት ተማረ።

ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀር ዶክተር ሳልዲያስን ጠርሙሶቹ ፊት ቆሞ አገኘችው። አንዱን ጠርሙስ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ ያጋድለዋል። ውስጡ ያለው እንደ ውሃ ወዲህና ወዲያ ይላል።

"ዶኛ ክሎሪንዳ፣ ይሄ ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ያድራል እንዴ?"

"ክዳኑ ከጠበቀ ጣቴን ያመኛል። ምነው?"

"ይሄ ካልሲየም የሚባለው ጨው ነው። ሲገዛ ነጭ ድንጋይ ነበር። ከአየሩ ውሃ የሚጠጣ ጨው ነው፤ ይሄን ሁሉ ቀን ጉሙን ሲጠጣ ከርሟል። እርስዎ እንደ ዝርዝሩ በልኩ መዝነዋል፣ ጥፋት የለብዎትም፤ ነገር ግን የመዘኑት አብዛኛው ጉም ነው።" ተነፈሰ፤ የተናደደ ሳይሆን የገላገሉት ሰው መሰለ። "ሳምንት ሙሉ ማሽኑን ፈታሁ ገጠምኩ!"

"እና ካልሲየሙ ቢያንስ ምን ይሆናል?"

"ስለ በሮቹ ነግሬዎት የለም? ካልሲየም እበሮቹ ላይ የቆመ ዘበኛ ማለት ነው። ዘበኛው ሲያንስ በሮቹ ማንም ሳይነካቸው ይበረገዳሉ። ነርቩ ራሱን በራሱ ያንኳኳል።"

ክሎሪንዳ እጇን በሽርጧ ጠረገች። እጇ ግን ደረቅ ነበር።

"ታዲያ ማንም አላንኳኳም?"

"ማንም።"

"ሦስት፣ ከዚያ አንድ?"

"እሱማ እንዳጋጣሚ ነው። አንዳንዴ ሦስት ይላል፣ አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ሁለት…"

"ይቁጠሩት።"

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ወንበር ሳበ። የትናንቱ ውሃ ገና ሳህኑ ውስጥ ነው። ድምፅ ማጉያውን ከፈተና እርሳስ ይዞ መቁጠር ጀመረ። ብዙ ቆጠረ። ፈገግታው ቀድሞ ሄደ፣ ቀጥሎ እርሳሱን አስቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ አደረገው፣ እንደገና አውልቆ ጠረገው።

"አዲስ ጠርሙስ ልክፈት" አለ።

"እኔ ላድርገው" አለች ክሎሪንዳ።

ከአዲሱ ጠርሙስ የሟሟውን ጨው በጠብታ መስጫ ቀዳች። እጇ የመረብ እጅ ነው። ሳህኑ ላይ ጎንበስ አለች፣ አንድ ጠብታ ጣለች። ሦስቱ ምት ሁለት ሆነ። አንድ ደገመች። ሁለቱም ጠፍተው የመጨረሻዋ አንዷ ብቻ ቀረች፤ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ጧ፤ የበለጠ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ጧ፤ ልክ በሩ የማይከፈትለት መሆኑ የገባው ሰው እየራቀ እንደሚመታው። ሦስተኛውን ጠብታ ይዛ ቆየች። ዶክተሩ አላጣደፋትም። ጣለችው።

ሁለቱም ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ። ከደጅ ማዕበሉ ብቻ ይሰማል።

"ገደልኩት?"

"የለም። ዝም አለ እንጂ አልሞተም፤ ይኸው" ብሎ ሽቦውን አስነካው። አንዴ ብቻ "ጧ" አለ። "አሁን ሲጠሩት ብቻ ነው የሚመልስ። ጤነኛ ማለት ይሄ ነው።"

ክሎሪንዳ "ሲጠሩት ብቻ" በሚለው ቃል ላይ እያሰበች ወደ ቤቷ ሄደች። ሳጥኑን ሳበች። እርጥበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ ነበር። አልፈራችውም። ዶኛ ሱኒልዳን ጠርታ፣ "ሱፉ የዐሥራ አምስት ዓመት ጨው ይዟል፤ ጨው ጉም ይጠጣል። ሌላ ነገር የለበትም እናቴ" አለቻቸው።

"ጉም አምናም ሰኔ ነበር" አሉ አሮጊቷ ቅር እያላቸው። "አምና ሹራቡ ደረቅ ነበር።"

"አምና ለብሶት ነበራ።"

ዶኛ ሱኒልዳ ጎንበስ ብለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሹራቡን አንገት በሁለት እጃቸው አስተካከሉ።

"ነገ እጠራዋለሁ" አለች ክሎሪንዳ።

የበዓሉ ዋዜማ ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ። ጉሙ እንደ ግድግዳ ነው፤ ውሃው ከየት እንደሚጀምር በድምፁ ካልሆነ አይታወቅም። ሳጥኑን አሸዋው ላይ፣ ከተገለበጠችው ግትሯ ጎን አስቀመጡት። ኖልቤርቶ መዶሻና አራት ምስማር ይዞ ዓይኑን ከጀልባዋ አሽሽቶ ቆሟል። ባለሱቁ ኤሊሴዮም መጥቷል። ስሙ ሲጠራ አምልጦት "አቤት" እንዳይል ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኗል፤ ሚስቱ ለማንኛውም ብላ አንድ ጉርሻ ዳቦ አፉ ውስጥ ጨምራለታለች።

ክሎሪንዳ ወደ ጉሙ ዞረች። ዘጠኝ ወር ያልወጣውን ቃል አወጣችው።

"ኤሊሴዮ!"

ማዕበሉ መጣ፣ ተመለሰ።

"ኤሊሴዮ!"

አንድ ሕፃን ሊያለቅስ ሲል እናቱ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"ኤሊሴዮ!"

አንድ ማዕበል። ሁለት ማዕበል። ኖልቤርቶ የመጀመሪያውን ምስማር ከኪሱ አወጣ።

"ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።"

ሁሉም መጀመሪያ ባለሱቁን አዩ። እጁ አፉ ላይ ነው፣ ዳቦው ጉንጩ ውስጥ ነው፣ ዓይኑ ግን ፈጦ ከተገለበጠችው ጀልባ ላይ ቀርቷል።

"ጠቅ" አለ የግትሯ ሆድ።

ሃምሳ ሰው እንደ አንድ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ መዶሻውም ከኖልቤርቶ እጅ አሸዋው ላይ ወደቀ። ዶኛ ሱኒልዳ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ "ቅበሪው" ሲሉ የከረሙት ሴት፣ ሳጥኑ ላይ ተደፉ።

"መለሰ! ልጄ መለሰ! እንዳትመቺው ክሎሪንዳ፣ በወለደችሽ!"

ክሎሪንዳ ወደ ጀልባዋ ሄደች። ጎንበስ አለች፣ መዳፏን ሳንቃው ላይ አሳረፈች፣ እንዲሁ ቆየች፤ በር ላይ እንደሚያዳምጥ ሰው። እጇ እርጥብ ሆኖ ተመለሰ። ወደ ሰዉ ስትዞር ፊቷ ነጭ ነበር፣ ድምፅዋ ግን የየቀኑ ድምፅዋ ነው።

"እንጨት ነው" አለች። "ዘጠኝ ወር የደረቀ እንጨት ጉም ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይጮኻል። ጨው ይጠጣል፣ ሱፍ ይጠጣል፣ እንጨትም ይጠጣል። ተነሱ እናቴ።"

"ሦስት እኮ ነው የመታው! ከዚያ አንድ!"

"ሰምቻለሁ" አለች ክሎሪንዳ። "ተነሱ።"

ያለችውን አምናበት ይሁን አይሁን ማንም አልጠየቃትም፤ በኋላም የጠየቃት የለም። አሮጊቷን በብብታቸው ይዛ አነሳቻቸው። መዶሻውን ከአሸዋው ላይ ራሷ አነሳች፣ ምስማሮቹን ከኖልቤርቶ መዳፍ ለቀመች። ሹራቡን አንዴ አየችው፣ ክዳኑን ገጠመችው።

አንዱን ማዕዘን መታች። ሁለተኛውን መታች። ሦስተኛውን መታች። አራተኛው ማዕዘን ከጀልባዋ ጎን ተጠግቶ መዶሻ አላስገባ ስላላት ቆም አለች፣ ሳጥኑን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ አስተካከለችው።

ከዚያ አንዴ መታች።